ሕይወት ያለው ሸቀጥ

ባክቴሪያ የሚለው ስም ሲነሣ የነጋዴ አሳብ ወዲያው የሚሄደው ወደ በሽታና ወደ ተበላሸ ዕቃ ነው። ጥሬ ቆዳን የሚያበሰብሰው፥ ወተትን የሚያቈመጥጠው እርሱ ነውና ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ከባክቴሪያ ወገን ለገበሬ አገልጋይ፥ ለነጋዴም ሸቀጥ የሆነ አለ።

ባቄላ ወይም ሽምብራ በተነሣበት መሬት ላይ የተዘራ እህል እንደሚያምር ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ምክንያቱን መርምረው የገለጡት የአውሮጳ ሊቃውንት ናቸው። ሆላንዳዊው ቤየሪንክ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. በጥራጥሬ ሥር ላይ ከሚገኙት ትናንሽ ዕብጠቶች ውስጥ ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣ። በ1896 ዓ.ም. ደግሞ ኖቤና ሂልትነር የተባሉት ጀርመናውያን ባክቴሪያውን አራብቶ ከዘር ጋር ለመጠቀም በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኙ። ከአየር 100 እጅ 78ቱ ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል በራሱ ሊወስደው አይችልም፤ ባክቴሪያው ግን ለውጦ ይመግበዋል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል። ይህ ሁለቱም ወገን የሚያተርፍበት ንግድ ነው።

በኢትዮጵያም ይኸው ባክቴሪያ «ሕያው ማዳበሪያ» ተብሎ በትንሽ ከረጢት ይሸጣል። በሚዘራበት ጊዜ ከዘሩ ጋር የሚታሸው ለአንድ ሄክታር ግማሽ ኪሎ ያህል ብቻ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን የናይትሮጅን ማዳበሪያ በጥራጥሬ ማሳ ላይ ለመቈጠብ ያስችላል፤ ፎስፈረስን ግን አይተካም።

ችግሩ ያለው በመደርደሪያው ላይ ነው። ይህ ዕቃ እንደ ሚስማር ወይም እንደ ጨው ተከምሮ የሚቈይ አይደለም። ፀሐይና ሙቀት ይገድሉታል፤ ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር መቀላቀልም ይጐዳዋል፤ ጊዜው ካለፈ ዋጋ የለውም። ለአኩሪ አተር የተዘጋጀውም ለሽምብራ አይሆንም። የሞተው ከረጢት ከሕያው በመልክ አይለይምና ገበሬው መታለሉን የሚያውቀው በአዝመራ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም ባለሱቁን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ጭምር ይጠላል።

ስለዚህ ባለሱቅ የማብቂያውን ቀን ሳያይ አይረከብ፤ ቀዝቃዛ ጥላ ሳያዘጋጅም አይዘዝ፤ ለየትኛው ሰብል እንደ ሆነ ሳይጠይቅ አይሽጥ። ሽምብራና አኩሪ አተር ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴም ጕዳዩ የእርሱ አይደለም ሊል አይገባውም፤ የሚጭነው ኵንታል የሚጀምረው ከዚያች ትንሽ ከረጢት ነውና።