ስልካችን እንግዳ ሲቀበል



ባለፈው ወር አንድ እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ ለሰፈራችን ወጣቶች የኮምፒዩተር ትምህርት ስንሰጥ ያጋጠመንን ዛሬ ልናወጋችሁ ወደናል። ትምህርትም ተግሣጽም አግኝተንበታልና።

ተማሪዎቹ ስምንት ነበሩ። ያዘጋጀነውን ትምህርት በየስልካቸው እንዲያዩት ብንፈልግም የኢንተርኔት ጥቅል የገዙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አንገታቸውን ደፉ። የገዛ ስልካችንን ሰርቨር ለማድረግ የወሰንነው ይህን ጊዜ ነው።

ለመሆኑ ሰርቨር ምንድን ነው? ብዙዎች በሩቅ አገር በቀዝቃዛ አዳራሽ የተደረደረ ግዙፍ ማሽን ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለውም አለ። ይሁን እንጂ ሰርቨር በመሠረቱ ጠያቂ እየጠበቀ የተጠየቀውን ገጽ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም የመጀመሪያውን የዌብ ሰርቨር ያስነሱት በአንድ የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። ሰው ሳያውቅ እንዳያጠፋውም በእጅ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ለጥፈውበታል። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ከዚያ ማሽን እጅግ የላቀ አቅም አለው።

አሠራሩም የሚከተለው ነው። በአንድሮይድ ስልካችን ላይ ተርመክስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንን፤ በውስጡም ፓይተን የተሰኘውን የፕሮግራም ቋንቋ አስገባን። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ ትንሽ ሰርቨር አለ፤ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይነሳል። ቀጥሎም የስልካችንን ዳታ ዘግተን ሆትስፖቱን ከፈትን፤ የይለፍ ቃሉንም ለተማሪዎቹ ሰጠን። እነርሱም በብሮውዘራቸው 192.168.43.1:8080 ብለው ጻፉ። የፊተኛው ቁጥር የስልካችን አድራሻ ሲሆን ከስልክ ስልክ ይለያያል፤ 8080 ደግሞ የበሩ ቁጥር ነው እንበል። የተለመደው የዌብ በር 80 ቢሆንም አንድሮይድ ከ1024 በታች ያሉትን በሮች ለተራ ፕሮግራም አይፈቅድም።

የፎልደሮች ዝርዝር መጣ፤ ሲነኩት ትምህርቱ ተከፈተ። መልእክቱ ከስልክ ወደ ስልክ ብቻ ስለሚሄድ ከማንም ሒሳብ አንዲት ሳንቲም አልተቆረጠችም።

ደስታችን ግን አልቆየም። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "ኡስታዝ፣ ይህም ለእኛ ነው?" አለች። ለካስ ሰርቨሩን ያስነሳነው ትምህርቱ ካለበት ፎልደር ሳይሆን ከዋናው ላይ ኖሯል! በስልካችን የተቀመጠው ሰነድ ሁሉ ለስምንቱም ተከፍቷል። ልጅቷ የከፈተችው አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ አባት የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲራዘምላቸው እንድናማልድ የላኩልንን ማመልከቻ ነበር። ወዲያው ዘጋነው፤ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ልጁ በሚቀጥለው እሁድ አልመጣም።

አባቱ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ሻይ አቀረቡልን፤ ጥቂት ዝም ካሉም በኋላ እንዲህ አሉን፦ "ኡስታዝ፣ ሰው እንግዳ ሲጠራ ሳሎኑን ነው የሚከፍተው፤ ጓዳውን አይደለም።" መልስ አልነበረንም። በስልካችን የያዝነው የሰው ገበና አማና ነው።

ይህን ለመሞከር የምትሹ ወጣቶች ከእኛ ስሕተት ተማሩ። በመጀመሪያ፣ ለእንግዳ የምታቀርቡትን ብቻ የያዘ ፎልደር ለብቻው አዘጋጁ፤ ሰርቨሩንም ከዚያው ውስጥ ሆናችሁ አስነሱ። ሁለተኛ፣ ለብቻችሁ ስትለማመዱ ሰርቨሩ 127.0.0.1 በተባለው አድራሻ ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ እዘዙት። ይህ አድራሻ ስልኩ ራሱን የሚጠራበት ስለሆነ ከሌላ ስልክ ማንም አይገባበትም። ሦስተኛ፣ ይህ ትንሽ ሰርቨር የሚልከውን ነገር አይመሰጥርም፤ ስለዚህ የይለፍ ቃልም ሆነ ምስጢር አታሳልፉበት። በመጨረሻም ሥራችሁን ስትጨርሱ ሰርቨሩንም ሆትስፖቱንም ዝጉ።

እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ስታዩት ሁልጊዜ ጨዋታ ነው አትበሉ። ምን እየሠራህ ነው፣ በሩስ ለማን ተከፍቷል ብላችሁ ጠይቁት። አብሯችሁ ተቀምጦ ያሳያችሁ።

ልጁ ባለፈው እሁድ ተመልሷል፤ አልሐምዱሊላህ። የራሱን ሰርቨር በራሱ ስልክ ላይ አስነስቶ እኛን በእንግድነት ጠራን። ገብተን ብናይ ያገኘነው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተዘግቷል።