የተደበቀውን ማን አየው?

ያገለገለ መኪና አይቶና ነድቶ የገዛ ሰው፣ ኋላ ጉድለት ቢያገኝ ከራሱ በቀር የሚወቅሰው የለም የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩ። አልስማማም። ጸሐፊው አይቶ መግዛትንና ተደብቆበት መግዛትን አንድ አድርገውታል።

በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ፣ በማህሙድ ሃርቢ አደባባይ ዙሪያ፣ ገዢ ቲማቲሙን አገላብጦ አይቶ የላሸቀውን ይመልሳል። መኪና እንዲህ አይገላበጥም። የባሕሩ ጨዋማ አየር ሻንሲውን ከሥር ይበላዋል፤ ሻጩ ዝገቱን በስቱኮ ደፍኖ ጥቁር ቀለም ከቀባው፣ ማግኔት ይዞ ከሥር ያልተኛ ገዢ በምን ያውቃል? በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከተማዋን እንዳጥለቀለቀው ባለ ጎርፍ ውስጥ የሰነበተ መኪናም ታጥቦ ሲደርቅ ንጹሕ ይመስላል። ጭቃው የሚገኘው ምንጣፉ ተነሥቶ የወንበሩ ሐዲድ ሲታይ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛው ሻጭ ይፈቅዳል?

ሕጉም ከጸሐፊው ጋር አይደለም። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጩን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። እርግጥ ገዢውም ቶሎ መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት፤ ወራት ነድቶ የሚመጣውን እኔም አልደግፍም። እያወቀ በተንኮል የደበቀ ሻጭን ግን «እንዳለ ተረክቤያለሁ» የሚል ፊርማ አያድነውም። የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1641 ስውር ጉድለትን በሻጩ ላይ ይጥላል።

ሻጭ የተጋጨውን፣ የተበየደውን፣ ውኃ የገባበትን በውሉ ላይ ይጻፍ። ያንን አንብቦ የፈረመ ገዢ ቢያማርር፣ ያኔ ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ።