የደረሰኝ ፎቶ ገንዘብ አይደለም

እህቶቼ፣ «የአገር ልጅ ነው፣ እንዴት ልጠራጠረው?» የምንለውን ነገር እንተወው። እኔ ናይሮቢ ኢስሊ ሆኜ፣ ሽሮ ሜዳ ያሠራሁትን የሙሽራ ቀሚስ ከነካባው ወደ ውጭ የላክኩት የስዊፍት ኮፒ በስልኬ አይቼ ነው። ዕቃው ሄደ፤ ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልመጣም። የሸማኔውንና የጠላፊውን ከኪሴ ከፈልኩ።

ስዊፍት ኮፒ የክፍያ ትዕዛዝ ወረቀት ነው። ማንም በኮምፒውተር ሊያቀናብረው ይችላል፤ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ገንዘቡ ሒሳባችሁ ገብቷል ማለት አይደለም። የኤምፔሳ መልእክትም በሐሰት ይሠራል፤ ቀሪ ሒሳባችሁን ራሳችሁ እዩ። የውጭ ቼክማ ባንኩ ገቢ ካደረገላችሁ ከሳምንታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። «በስህተት ትርፍ ላክሁ፣ ልዩነቱን መልሺልኝ» የሚል ገዢ ከመጣ ጨዋታውን እዚያው ዝጉት።

በፔይፓል የምትሸጡም አትዘናጉ። ገዢው «ዕቃው አልደረሰኝም» ብሎ ገንዘቡን ሊያስመልስ ይችላል። የሻጭ ከለላ ለማግኘት በክፍያው ላይ ወደተጻፈው አድራሻ መላክና መድረሱን የሚያሳይ የመከታተያ ቁጥር መያዝ አለባችሁ። «ወደ አጎቴ ቤት ላኪልኝ» ቢል እሺ አትበሉ።

«እንዲህ ካልን ገዢ ይሸሻል» ትሉኛላችሁ። ይሽሽ! የምር የሚገዛ ሰው ገንዘቡ እስኪገባ ሦስት ቀን መጠበቅ አያቅተውም። ዱቤ የምንሰጠው ቤቱን ለምናውቀው ጎረቤት ነው። ባሕር ማዶ ያለውን ሰው በር ማን ሄዶ ያንኳኳልናል?