የተሸጠው ሞተርና ሚግ 15

ሻጭ ዕቃውን ካስረከበ በኋላ ገዢው በምን ሥራ ላይ እንደሚያውለው ሊወስንበት ይችላልን? ይህ ጥያቄ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለእንግሊዝ መንግሥት ቀርቦ ነበር፤ መልሱም በኮሪያ ሰማይ ላይ ታየ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. የሶቭየት መሐንዲሶች ለጄት አይሮፕላን የሚበቃ ሞተር አልነበራቸውም። ከጀርመን የማረኩትን አስመስለው ቢሠሩም ኃይሉ አነስተኛ፥ ዕድሜውም አጭር ሆነባቸው። በዚያው ዓመት በክሌመንት አትሊ የሚመራው የእንግሊዝ መንግሥት፥ ሮልስ ሮይስ የተባለው ኩባንያ ኔን እና ደርዌንት የተሰኙትን ሞተሮች ለሞስኮ እንዲሸጥ ፈቀደ። ጦርነቱ ሀገሪቱን በዕዳ ስለ ጫናት፥ የውጭ ንግድ ገቢ እጅግ ያስፈልጋት ነበር። ሞተሮቹም ለጦር ሥራ እንዳይውሉ ውል ተገባ።

ውሉ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ሶቭየቶች ኔንን ፈትተውና ለክተው፥ አርዲ 45 በሚል ስም በፋብሪካቸው አባዙት፤ ክንፉ 35 ዲግሪ ወደ ኋላ ባዘነበለው በሚግ 15 ላይም ገጠሙት። ይህ አይሮፕላን በኖቬምበር 1950 በኮሪያ በተገለጠ ጊዜ፥ ቀጥ ያለ ክንፍ ያላቸው የአሜሪካ ጄቶች በፍጥነት አልተስተካከሉትም፤ ስለዚህ አሜሪካ ኤፍ 86 ሴበርን በችኮላ ላከች። ኦክቶበር 23 ቀን 1951 በቢ 29 ቦምብ ጣዮች ላይ የደረሰው ጉዳትም የቀን በረራቸውን አስተወ። ከሁሉ የሚያስገርመው፥ የአውስትራሊያ አየር ኃይል በዚያው ዓመት ሚግን የገጠመው ደርዌንት ሞተር ባለው ሚቲየር መሆኑ ነው፤ የአንድ ኩባንያ ጥበብ በሁለቱም ወገን ተሰለፈ። የእንግሊዝ ወታደሮችም፥ የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃም በተሰለፉበት ጦርነት ይህ ሞተር ለተቃራኒው ወገን አገለገለ።

ይሁን እንጂ ነገሩን ሁሉ በሽያጩ ላይ መጫን ትክክል አይደለም። አይሮፕላኑን የነደፉት ሚኮያንና ጉሬቪች ናቸው፤ የሚያባዛ ፋብሪካና ባለሙያ ባይኖርም ጥቂት ሞተሮች ብቻቸውን ምንም ባላደረጉ ነበር። ሽያጩ ያደረገው የጎደለውን አንድ ነገር መሙላትና ጊዜውን ማሳጠር ነው።

ስንዴ ቢሸጥ ተበልቶ ያልቃል፤ መኪና ሲሸጥ ግን ጥበቡ አብሮት ይሄዳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፥ ከእጅ የወጣ ጥበብም በውል አይመለስም። ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጥ ባለሥልጣን፥ ዕቃው ስንት እንደሚያወጣ ብቻ ሳይሆን ገዢው ምን እንደ ጎደለው ጭምር አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።