በአራስ ድመት ላይ የሚሰጥ ፍርድ

ስለ እንስሳት የምንናገረው ነገር ሁሉ ከማስተዋል የመነጨ አይደለም። አብዛኛው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረና ማንም ሳይመረምረው የተቀበለው ነው። በዚህ ረገድ ከድመት ይበልጥ የተበደለ የቤት እንስሳ ያለ አይመስለኝም። ላም ጥጃዋን ፍለጋ ስትጮኽ ሆዳችን ይባባል። እናት ነብርንማ እስከ ምሳሌነት አድርሰናታል፤ የሚወደው ሰው የተነካበት ሰው ሲቆጣ «እንደ አራስ ነብር ሆነ» ይባላል። ስለ ድመት ሲነሣ ግን ፈጥኖ ትዝ የሚለን «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ነው። ይህም ሳያንስ፣ ድመት ልጆቿን የምትበላ፣ የሰው እጅ ሲነካቸው ጥላቸው የምትሄድ፣ ማጅራታቸውን ነክሳ የምታንገላታ ጨካኝ እናት እንደሆነች ሲነገር እንሰማለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍርድ ትክክል አለመሆኑንና ከእርሱም የተነሣ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አለመሆኑን ማስረዳት ነው።

ድመት የምታረግዘው ለዘጠኝ ሳምንት ያህል ነው። የመውለጃዋ ጊዜ ሲደርስ ጨለም ያለ፣ ሞቅ ያለና ሰው የማይበዛበት ሥፍራ ትፈልጋለች፤ ከአልጋ ሥር፣ ከጎታ ጀርባ፣ ወይም ከአሮጌ ልብስ ክምር መካከል ትገባለች። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ልጆች ትወልዳለች። እያንዳንዱ ልጅ ሲወለድ የተጠቀለለበትን ስስ ሽፋን በምላሷና በጥርሷ ቀድዳ ታወጣዋለች፤ አፍና አፍንጫውን ልሳ እንዲተነፍስ ታደርገዋለች፤ እትብቱን በጥርሷ ትቆርጣለች፤ በመጨረሻም የእንግዴ ልጁን ትበላዋለች። ይህን የመጨረሻ ድርጊት ከሩቅ ያየ ሰው ልጇን የበላች ሊመስለው ይችላል። እርሷ ግን ማደሪያዋን ማጽዳቷ ነው፤ የደም ሽታ ጠላትን ይጠራልና።

አዲስ የተወለደ የድመት ልጅ ክብደቱ 100 ግራም ገደማ ነው። ዓይኑ አልተገለጠም፤ ጆሮው የተደፈነ ነው፤ በእግሩ መቆም አይችልም፤ እናቱን የሚያገኛት በማሽተትና ሙቀቷን በመከተል ብቻ ነው። ዓይኑ የሚገለጠው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የገዛ ሰውነቱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል ከእናቱ ጉያ ለረጅም ጊዜ ቢለይ ብርድ ይገድለዋል። ሽንቱንና ዐይነ ምድሩን እንኳ ያለ እርዳታ ማስወጣት አይችልም፤ እናቱ ሆዱንና መቀመጫውን እየላሰች ታስወጣዋለች፤ የወጣውንም ራሷ ልሳ ታጠፋዋለች። ይህን ሥራ ለሦስት ሳምንት ያህል ሳትሰለች በየቀኑ ትሠራዋለች። በመጀመሪያው ቀን የሚጠባው እንገርም ከምግብነቱ ሌላ በሽታን የሚከላከል ኃይል የሚያስተላልፍለት ስለሆነ በምንም ነገር አይተካም።

በእነዚህ የመጀመሪያ ቀናት እናቲቱ ከልጆቿ የምትለየው ለመብላት፣ ለመጠጣትና ለመጸዳዳት ያህል ብቻ ነው። በጎኗ ተኝታ፣ በእግሮቿ ከብባ ታጠባቸዋለች። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ያ ዝግ ያለ ድምፅ፣ ጆሮአቸው ገና ባይከፈትም፣ ንዝረቱ በገላቸው ይሰማቸዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥም ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ጡት ለይቶ ስለሚይዝ በመካከላቸው የሚደረገው ግፊያ ይቀንሳል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የምታደርገውን እንስሳ ጨካኝ ብሎ መጥራት ከየት የመጣ ነው?

አንደኛው ምክንያት ልጆቿን አንሥታ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ማዞሯ ነው። ማጅራታቸውን ነክሳ ስታንጠለጥላቸው ያየ ሰው የምታሠቃያቸው ይመስለዋል። ነገር ግን ግልገሉ ማጅራቱ ሲያዝ ሰውነቱን ያላላል፤ የኋላ እግሮቹንና ጅራቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፤ ጸጥም ይላል። ይህም እናቲቱ ሳይንፈራገጥባት በፍጥነት እንድትወስደው ይረዳታል። ማደሪያዋን የምትለውጠውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥፍራው ሲቆሽሽባት፣ ጩኸት ሲበዛ፣ ውሻ ሲያንዣብብ፣ ወይም ሕፃናት እየተፈራረቁ ልጆቿን ሲያገላብጡባት ነው። ስለዚህ «ድመቷ ልጆቿን ይዛ ጠፋች» ብለን ከማማረራችን በፊት ምን እንዳስሸሻት ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

እናት ድመት ለልጆቿ እስከ ምን ድረስ እንደምትደርስ የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር መጨረሻ ላይ በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን አንድ የተተወ ጋራዥ ተቃጠለ። በውስጡ አምስት ግልገሎች የነበሯት አንዲት ድመት ወደ እሳቱ አምስት ጊዜ እየተመላለሰች ልጆቿን አንድ በአንድ አወጣች። ሥራዋን ስትጨርስ ዓይኖቿ በቃጠሎ ተደፍነው፣ ጆሮዎቿና መዳፎቿ ተለብልበው ነበር። ማየት ስላልቻለች ልጆቿን በአፍንጫዋ እየነካች መሟላታቸውን አረጋገጠች። ከግልገሎቹ አንዱ ከአንድ ወር በኋላ በበሽታ ቢሞትም አራቱ አደጉ። ስካርሌት የሚል ስም የተሰጣት ይህች ድመትም ድና እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ኖራለች። ይህን ድርጊት «ፍቅር» ብንለው ወይም «የተፈጥሮ ግፊት» ብንለው ስሙ የሚያከራክር ሊሆን ይችላል፤ ጭካኔ ለመባል ግን ከቶ አይበቃም።

«ታዲያ ድመት ልጇን በላች የሚባለው ፍጹም ሐሰት ነውን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ፍጹም ሐሰት አይደለም። አልፎ አልፎ፣ ልጁ ሞቶ ሲወለድ ወይም ሲታመም፣ እናቲቱ በረኃብ ስትዳከም፣ ወይም ዕረፍት አጥታ ስትሸበር ይህ ሊደርስ ይችላል። አንዳንድ ጊዜም ግልገሎቹን የሚገድለው ከውጭ የመጣ ወንድ ድመት ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በእናቲቱ ላይ ይላከካል። እንግዲህ አልፎ አልፎ የሚደርሰውን እንደ ዘወትር ጠባይ መቁጠር የአስተሳሰብ ስሕተት ነው። ከዚህም በላይ፣ ከምክንያቶቹ መካከል ረኃቡም ሆነ ሽብሩ በሰው ቸልተኝነት የሚመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ወቀሳው ተመልሶ በባለቤቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

የሰው እጅ የነካውን ልጅ ትጥላለች የሚለው እምነትም እንዲሁ መታረም አለበት። ከሰው ጋር የለመደች ድመት ልጇ ስለተነካ ብቻ አትተወውም። እንዲያውም አይሊን ካርሽ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ በርጋታ የተዳሰሱ ግልገሎች ሲያድጉ ለሰው ይበልጥ ገራም ይሆናሉ። ይህ ማለት ግን በተወለዱበት ሰሞን እንደ መጫወቻ ይያዙ ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መተው፣ ከዚያም በኋላ እናቲቱ የምታውቀው ሰው ለአጭር ጊዜ፣ እርሷ እያየች፣ በእርጋታ ቢዳስሳቸው መልካም ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጥቂት የማይባሉ ሰዎች የድመት ልጆችን ገና ዓይናቸው ሳይገለጥ ከእናታቸው ለይተው፣ በጆንያ ቋጥረው ወንዝ ዳር ወይም ሜዳ ላይ ይጥላሉ። ሌሎችም ግልገሎቹ በሦስትና በአራት ሳምንታቸው ለጎረቤት ያድሏቸውና የላም ወተት እየሰጡ ለማሳደግ ይሞክራሉ። የላም ወተት ለድመት ልጅ የሚያስፈልገውን ያህል ገንቢ ምግብና ቅባት የለውም፤ ብዙውን ጊዜም ሆዱን ያስቀምጠዋል። ከዚህም ሌላ፣ ግልገሉ ከእናቱ የሚያገኘው ወተት ብቻ አይደለም፤ ትምህርትም ነው። ከአራተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እናቲቱ በመጀመሪያ የሞተ አይጥ፣ ቀጥሎም ነፍስ ያለው አይጥ እያመጣች ታለማምዳቸዋለች። ዚንግ ያንግ ኩዎ የተባሉ ቻይናዊ ሊቅ በ1930 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን በቁጥር አሳይተዋል። እናታቸው አይጥ ስትገድል እያዩ ካደጉ 21 ግልገሎች መካከል 18ቱ በአራት ወር ውስጥ አይጥ ገድለዋል፤ ለብቻቸው ካደጉት 20 መካከል ግን የገደሉት 9 ብቻ ናቸው። ስለዚህ አይጥ ለማስያዝ ሲል ድመትን ያለ ዕድሜዋ ከእናቷ የሚነጥል ሰው የሚፈልገውን ጥቅም በገዛ እጁ ይቀንሳል።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ሰዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ። «እኛ ራሳችን ተቸግረን ሳለን ስድስት ድመት ምን እናብላ? ዝም ብንላቸውስ ቤቱን ሞልተው ያስቸግሩን የለምን?» ይላሉ። ይህ አነጋገር በንቀት የሚታለፍ አይደለም። አንዲት ድመት በዓመት ሁለትና ከዚያም በላይ ልትወልድ ትችላለች፤ ልጆቿን እያጠባች እንኳ ልታረግዝ ትችላለች፤ ሴት ግልገሎቿም ዓመት ሳይሞላቸው ለእርግዝና ይደርሳሉ። ይሁን እንጂ መፍትሔው መጣል አይደለም። የተጣሉት ግልገሎች በብርድና በረኃብ ቀስ ብለው ይሞታሉ፤ እናቲቱም ጡቷ በወተት ተወጥሮ፣ ሌት ተቀን እየጮኸች ትፈልጋቸዋለች፤ ብዙም ሳትቆይ እንደገና ስለምታረግዝ ችግሩ ካለበት አይቀነስም። የእንስሳት ሐኪም በሚገኝበት ሥፍራ ድመቷን ማስመከን ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው። ይህ በማይቻልበትም ቦታ ግልገሎቹ ገና ሳይወለዱ አይጥ ያስቸገራቸውን ጎረቤቶችና ዘመዶች ማነጋገር፣ ከዚያም ሁለት ወር ከሞላቸው በኋላ ማከፋፈል ይቻላል። እናቲቱ በወተቷ ስለምትመግባቸው በመጀመሪያው ወር ከባለቤቱ የሚጠበቀው ለአንዲት ድመት የሚሆን በርከት ያለ ፍርፋሪና ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። አራስ ድመት ልጆቿ የተነኩባት ሲመስላት ትቧጭራለች፤ ትናከሳለች። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ያለ በመሆኑና በድመት ንክሻም ሊተላለፍ ስለሚችል፣ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ይህም ቢሆን እናቲቱን ለመጥላት ምክንያት አይሆንም፤ ከማደሪያዋ ራቅ ብሎ ለመቆም ግን በቂ ምክንያት ነው።

በአጠቃላይ፣ አራስ ድመት ከእኛ የምትሻው ብዙ አይደለም። ጸጥ ያለ ጥግ፣ ጥቂት ምግብ፣ የሁለት ወር ጊዜ ይበቃታል። እናንተም ተማሪዎች በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ድመት ስትወልድ በአፈ ታሪክ ከመፍረድ ይልቅ ራቅ ብላችሁ አስተውሉ፤ ያያችሁትንም በማስታወሻ ደብተራችሁ ጻፉ፤ ታናናሾቻችሁ ግልገሎቹን እንዳያገላብጡ ከልክሉ፤ ጆንያ ያነሣ ሰው ስታዩም ምክንያታችሁን በትሕትና አስረዱት። ሳያዩ የሚፈርዱ ሰዎች ሁልጊዜ አሉ። አይታችሁና መርምራችሁ የምትናገሩት አንድ ቃል ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ ይበልጣል።