ጀግናን በዓይን ማየት

«ከመስማት ማየት ይበልጣል» ይባላል። ይህ አባባል በስፖርት ነገር እጅግ እውነት ሆኖ ይታየኛል። እኛ ኢትዮጵያውያን በሩጫ ዓለምን ማስደነቅ ከጀመርን ብዙ ዘመን ሆኖናል፤ ይሁን እንጂ ጀግኖቻችን ሲሮጡ በዓይናችን ያየን ስንት ነን? አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ያየው የሮማ ሕዝብ ነው። ያን ጊዜ በአገራችን ቴሌቪዥን እንኳ አልነበረምና የገዛ ወገኑ ወሬውን ሰማ እንጂ ሩጫውን አላየም።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ ሲቀድመው ግን አገሩ በቴሌቪዥን አየ። ቴሌቪዥን ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ካሜራው ከሯጩ ጋር አብሮ ስለሚሄድ የሩጫውን ፍጥነት ይሰውረዋል። ይህን የተረዳሁት በአዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በተደረገበት ቀን ከመንገድ ዳር ቆሜ የፊተኞቹን ሯጮች ባየሁ ጊዜ ነው። የጫማቸው ድምፅ መጣ፤ ትንፋሻቸው ተሰማ፤ ዓይን ሳይጠግብ አለፉ። የሰው እግር ይህን ያህል መፍጠን እንደሚችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«መስማትም ይበቃል፤ ኃይሌ ራሱ በልጅነቱ ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ያገኘውን ድል በራዲዮ ሰምቶ አይደለም እንዴ የተነሣሣው?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። ሆኖም ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ መሆናቸውን እናስታውስ። የቦታው ከፍታ አንድ ምክንያት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በአገራችን ከፍታ ያለው ቦታ ብዙ ነው። ለበቆጂ ልጅ ጀግና ማለት በሰፈሩ መንገድ ሲሮጥ ያየው፣ ቤቱንና ዘመዶቹን የሚያውቀው ሰው ነው። «እኔስ ምን ያንሰኛል?» ለማለት ይህ ትልቅ ብርታት ይሰጣል።

ይህን ሁሉ የምለው በደቡብ ኦሞ የምትገኘውን ቀይ አፈርን አስቤ ነው። በዚያ የሚኖረው የበና ሕዝብ ጀግናን በዓይን ማየት ምን እንደ ሆነ ከብዙዎቻችን ይልቅ ያውቃል። ጐረምሳው ለአቅመ አዳም ሲደርስ ከብት ይዘላል። ከብቶቹ ጐን ለጐን ይደረደራሉ፤ ቀድመው የዘለሉት ጓደኞቹ ቀንድና ጅራት ይዘው ያቆሟቸዋል፤ እርሱም ራቁቱን ተንደርድሮ ይወጣና በጀርባቸው ላይ ይሮጣል፤ ወዲያ ማዶ ወርዶም ተመልሶ ይደግማል። ከወደቀ በወገኑ ፊት ያፍራል፤ ከተሳካለት ሚስት ለማግባት ይበቃል። ከዳር የቆሙት ሕፃናት ነገ የእነርሱ ተራ እንደሚሆን እያሰቡ ያያሉ። በዚሁ ሥርዓት ሴቶች ዘመዶቹ በአርጩሜ ይገረፋሉ። የልጁን ብርታት ማድነቅ ይህን ግርፋት መደገፍ እንዳይደለ በግልጽ መናገር ይገባል።

ወደዚያ የሚሄደው የተማረ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ወይ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል፣ ወይ በንቀት ፊቱን ያዞራል። በሚንቀሳቀስ የከብት ጀርባ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ የሚሮጠውን ልጅ እንደ ስፖርተኛ አይቶ «ይህ እግር ሌላ ምን ሊሠራ ይችላል?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በቀይ አፈርና በጂንካ በሥራ ላይ ላላችሁ ወጣት ሹማምንት፣ ለተማሪዎችም አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ሐሙስ ሐሙስ በቀይ አፈር ገበያ በናው፣ ፀማዩና አሪው ይገናኛል። ሕዝብ ለመሰብሰብ መለከት መንፋት አያስፈልግም። በዓመት አንድ ሐሙስ ገበያተኛው ሳይታወክ የወንዶችና የሴቶች ልጆች ሩጫ ቢዘጋጅ፣ ስሙ የታወቀ አንድ ሯጭም ተጋብዞ በልጆቹ ፊት ቢሮጥ ምን ይከብዳል? መንገዱ አለ፤ የሚያስፈልገው ሰዓት የሚይዝ ሰውና የሹሙ ፈቃድ ነው።

ከዚያ ወርቅ ሜዳልያ ይወጣል ብዬ አልምልም። ነገር ግን ታላቅ ሯጭ በአጠገቧ ሲያልፍ ያየች አንዲት ልጅ በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ እርምጃዋን ታፈጥናለች። የሹም ሥራ ለዚያች ልጅ የምታየውን ነገር ማቅረብ ነው፤ የቀረውን እግርዋ ያውቃል።