ሁለት ሺህ ሪያል ለጆሮ፦ ውድ ሄድፎን ለማን ያዋጣል?

ኖቬምበር ሲገባ የባሕረ ሰላጤው ሱቆች “ነጭ ዓርብ” የሚሉት የቅናሽ ሰሞን ይጀምራል። ስልክሽ ላይ ማስታወቂያው ይጎርፋል፤ ልብሱ፣ ሽቶው፣ ስልኩ፣ ከዚያም እነዚያ ጆሮን ሙሉ ለሙሉ የሚሸፍኑት ትልልቅ ሄድፎኖች። ቲክቶክ ላይ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚታዩት ማለት ነው።

ድሮ ቢሆን ዓይቶ ማለፍ ነበር። አሁን ነገሩ ተቀይሯል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በሙሳነድ በኩል፣ በባንክ ወይም በዲጂታል ዋሌት እንዲከፈል በደረጃ ግዴታ አድርጋለች። ይህ ለሠራተኛዋ ትልቅ ነገር ነው፤ “አልተከፈለኝም” ስትል የሚመሰክርላት መዝገብ አላት። ነገር ግን ደመወዙ የገባበት ስልክ ሱቁም የገባበት ስልክ ነው። “ታቢ” እና “ታማራ”ም እዚያው ተቀምጠዋል፦ ዛሬ ውሰጂ፣ በአራት ጊዜ ክፈይ ይሉሻል። ስለዚህ “ልግዛ ወይስ አልግዛ?” የሚለው ጥያቄ የሀብታም ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል፤ የአንቺም ሆኗል።

“ለቤተሰብሽ ላኪ እንጂ ሄድፎን ምን ያደርግልሻል?” ብዬ አልጀምርም። ያንን ምክር ሐዋላ ቤት ወረፋ ላይ ቆመሽም፣ ከአገር ቤት በስልክም ስትሰሚው ኖረሻል። ደግሞም ልክ አይደለም። ሰው ቤት ለሚኖር፣ በሩ የማይቆለፍ ክፍል ውስጥ ለሚተኛ ሰው የጆሮ ማዳመጫ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳ ነው። የእናትሽን ድምፅ ለብቻሽ የምትሰሚበት፣ መዝሙርሽን ወይም መንዙማሽን ማንንም ሳትረብሺ የምታዳምጪበት ቦታ ነው። የኤምሬትስ የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ እንዲሰጥ ያዝዛል። ያ ዕረፍት በእጅሽ ከገባ እንዴት እንደምታሳልፊው የራስሽ ጉዳይ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ከ200 ወይም ከ300 ሪያል በላይ የምትከፍዪው ገንዘብ ምን ይገዛልሻል?

መጀመሪያ ዋጋውን በሥራሽ እንለካው። የአፕል ኤርፖድስ ማክስ በዲሴምበር 2020 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 549 ዶላር ነበር። በሳዑዲ ምንዛሪ ወደ 2,060 ሪያል ይሆናል፤ የሳዑዲው 15 በመቶ ታክስ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ 2,370 ሪያል ይጠጋል። ደመወዝሽ 1,000 ሪያል ቢሆንና በወር 26 ቀን፣ በቀን 10 ሰዓት ብትሠሪ፣ የአንድ ሰዓት ሥራሽ 4 ሪያል አይሞላም። ለዚያ ሄድፎን ከ600 ሰዓት በላይ ታጥቢያለሽ፣ ትተኩሻለሽ፣ ታበስያለሽ። ኳታር ከማርች 2021 ጀምሮ የቤት ሠራተኛንም ጨምሮ ዝቅተኛውን ደመወዝ 1,000 የኳታር ሪያል አድርጋለች፤ ያው ዕቃ እዚያ ያለ ታክስም ቢሆን የሁለት ወር ደመወዝ ነው። ኩዌት ላይ በ60 ዲናሩ ዝቅተኛ ደመወዝ ሲታሰብ ወደ ሦስት ወር ይጠጋል።

ሁለተኛ ስሌት አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ያደረገው በጁላይ 29 ቀን 2024 ነው። ያን ጊዜ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የሄድፎኑ ዋጋ በሪያል አልተነቃነቀም። ወደ አገር ቤት ሲታሰብ ግን፣ በባንክ ምንዛሪ 36,000 ብር ገደማ የነበረው ያው 2,370 ሪያል በዚያው ክረምት 63,000 ብር ሆነ። ማለት፣ የምትተዪው ነገር አድጓል። አገር ቤትም ዋጋው አብሮ ስለናረ ትርፉ ወረቀት ላይ እንደሚታየው አይደለም፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱ ሊናቅ የሚችል አይደለም።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። “ውድ ከሆነ ጥሩ ነው” የሚለው እምነት በሄድፎን ላይ ብዙም አይሠራም። ዬሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ በ2017 ባወጣው ጥናት 283 የጆሮ ማዳመጫዎችን ለክቶ፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በምን ሚዛን እንደሚያወጡ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አስተያየ። ዝምድና አላገኘም። እርግጥ ነው፣ ምቾት፣ ጥንካሬና የዕቃው ጥራት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ርካሹ ሁሉ ጥሩ ነው ማለትም አይደለም። የ15 ሪያሉ የመንገድ ዳር ኤርፎን መጥፎ ነው፤ ያንን ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያስከፍለው ምንድነው? አንዱ ስሙ ነው። ሌላው ትልቁ ነገር የውጭውን ጫጫታ የሚያጠፋው ቴክኖሎጂ ነው። ሐሳቡ ለአማር ቦዝ የመጣለት በ1978 ከዙሪክ ሲበር አውሮፕላን ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ሙዚቃውን አላሰማ ብሎት ነው፤ ኩባንያው በ1989 ለአብራሪዎች የሚሆን ማዳመጫ አወጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሄድፎኑ ላይ ያለ ትንሽ ማይክ የውጭውን ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ይፈጥራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። አንድ ዓይነት ሆኖ ለሚቀጥል ወፍራም ድምፅ ድንቅ ነው፦ ለአውሮፕላን ሞተር፣ ለመኪና ጉዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያጉረመርም ኤሲ። ለሰው ንግግር፣ ለሕፃን ለቅሶ፣ ለሚወድቅ ሳህን ግን እንዲያ አይሆንም። እነዚህ ድንገት የሚመጡና የሚቀያየሩ ናቸውና ይቀንሳሉ እንጂ አይጠፉም። ቴክኖሎጂው በተለይ ብዙ ለሚበር ሰው ይጠቅማል። አንቺ በሁለት ዓመት አንዴ ትበሪያለሽ።

በሥራ ሰዓት ደግሞ እንዲጠፋ የምትፈልጊው ድምፅ አይደለም ያለው። በር ሲንኳኳ፣ ልጁ ሲያለቅስ፣ ምጣዱ ላይ ያለው ሲንተከተክ፣ ማዳም ከፎቅ ስትጣራ መስማት አለብሽ። ሁለቱን ጆሮ ዘግቶ መሥራት ለልጁም ለአንቺም አደጋ ነው። እዚህ ላይ ትንሿ ኤርፎን፣ በአንድ ጆሮ ብቻ፣ ከባለ ሁለት ሺህ ሪያሉ ትበልጣለች።

ስልክ መደወሉንስ? አብዛኛው የማዳመጫ ጊዜሽ የሚያልፈው በጥሪ ነው፤ ኢሞ ይሁን ቦቲም ይሁን ዋትስአፕ። ሻጩ የማይነግርሽ ነገር እዚህ አለ። ሄድፎኑ በብሉቱዝ ሙዚቃ ሲያጫውት አንድ ዓይነት መንገድ ይጠቀማል፤ ጥሪ ሲጀመርና ማይኩ ሲከፈት በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ወደ ሌላ፣ ጠበብ ወዳለ መንገድ ይቀየራል። ዘፈን ላይ የነበረው ጥራት በዚያች ቅጽበት ይወርዳል። በዚያ ላይ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የእናትሽ ድምፅ ከወሎም ይምጣ ከጅማ ተቆራርጦ ነው የሚደርሰው፤ ይህንን ሄድፎን አይጠግነውም። ያንቺ ድምፅ ለእሷ እንዲጠራ ከፈለግሽ ደግሞ ማይኩ ወደ አፍሽ የቀረበ፣ ገመድ ያለው ተራ ኤርፎን ብዙ ጊዜ ይሻላል። 

ዘፈኑም ቢሆን ያው ነው። የጥላሁን ገሠሠን ወይም የብዙነሽ በቀለን ሥራ ከዩቲዩብ ወይም ከቴሌግራም ስታወርጂ፣ ብዙ ጊዜ ከካሴት ተገልብጦ፣ ተጨምቆ፣ ከዚያም ሌላ ሰው ደግሞ ጨምቆት የመጣ ፋይል ነው። ውድ ሄድፎን በፋይሉ ውስጥ የሌለውን አይጨምርም። የካሴቱን ሹሹታ ግን አጥርቶ ያሰማሻል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ለውዱ ዕቃ እከራከራለሁ፤ እሱም ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ማዳመጥን እንደ ወሰን ያስቀምጣል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ዴሲቤል ላይ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ኤሲው ከሚጮህበት ክፍል ውስጥ ሆነሽ፣ የውጭውን ድምፅ በማይከለክል ኤርፎን ስታዳምጪ ሳታውቂው ትጨምሪያለሽ። ጫጫታ የሚያጠፋ ማዳመጫ ሳትጨምሪ እንድትሰሚ ያደርግሻል። ከኤሲ ሞተር ወይም ከጄኔሬተር አጠገብ የምትተኚ ከሆነ፣ ቀኑን በመኪና የምታሳልፍ ሾፌር ወንድማችን ከሆንክ (አንተ መንገድ ላይ አድርገህ አትንዳ እንጂ፣ ስትጠብቅ ማለቴ ነው)፣ ወይም ከሥራ በኋላ በስልክ ትምህርት የምትከታተዪ ከሆነ ይህ ቴክኖሎጂ ይጠቅማል። ነገር ግን ለእሱ 2,370 ሪያል አያስፈልግም። ዛሬ በጥቂት መቶ ሪያል የሚሸጡ የታወቁ ብራንዶች ውስጥም አለ፤ የውዶቹን ያህል ባይሆንም የኤሲን ድምፅ ለመቀነስ ይበቃል።

ትልቁን ስም ካልተውሽ ደግሞ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሂጂ። ሶኒ በ2020 ኤክስኤም4ን፣ በ2022 ኤክስኤም5ን፣ በ2025 ኤክስኤም6ን አወጣ። አዲሱ በመጣ ቁጥር የቀድሞው ዋጋ ይወርዳል፤ ጥራቱ ግን ባለበት ነው፤ ትናንት የተመሰገነው ዕቃ ዛሬ አልተበላሸም። ዘፈን ብቻ ለሚፈልግ፣ ገመድ ለማይጠላ ሰው ደግሞ ሶኒ ከ1991 ጀምሮ የሚሸጠው ኤምዲአር-7506 አለ፤ በየስቱዲዮው የሚታይ፣ 100 ዶላር ገደማ፣ ባትሪ የሌለው። ማይክ የለውም፣ ገመዱም ረጅም ነው፤ ስልክሽ የኤርፎን ቀዳዳ ከሌለው አዳፕተር ይፈልጋል። ከ1984 ጀምሮ ያለው ኮስ ፖርታ ፕሮ ከዚያም ይረክሳል፤ ድምፁ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ግን አብራሽ የምትተኛዋን ልጅ ያነቃታል። ብሉቱዞቹ ሁሉ ባትሪ አላቸው፤ ባትሪ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል። “ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ ነው” የሚልሽን ሻጭ ባትሪውን ማን ይቀይርልኛል ብለሽ ጠይቂው።

ስለ በአራት መክፈል አንድ ነገር። 2,370 ለአራት ሲካፈል በየወሩ ወደ 590 ሪያል ነው። ከ1,000 ሪያል ላይ። አሠሪሽ ደመወዝ ቢያዘገይ፣ ኮንትራቱ ቢቋረጥ፣ ታመሽ ብትገቢ ዕዳው በኢቃማሽ ተመዝግቦ ይቆያል። ለጓደኛ ብለሽ በስምሽ አታስወስጂ፤ እሷ ብትሄድ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ከተመኘሽው እቁብሽ ሲደርስሽ በእጅ ገንዘብ ይሻላል።

ኮፒው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሪያድ በጣሓም ሆነ ዱባይ ዴይራ “ኦሪጅናል ነው፣ 250 ብቻ” የሚልሽ አይጠፋም። ሳጥኑ ያው፣ ጽሑፉ ያው፣ አይፎን ላይ ብቅ የሚለው ሥዕል ሳይቀር ያው ሊሆን ይችላል፤ ተከታታይ ቁጥሩንም ከእውነተኛው ይገለብጡታል። እውነተኛው ኤርፖድስ ማክስ ብረት ነው፣ ወደ 385 ግራም ይመዝናል፤ ኮፒው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክና ቀላል ነው። ያገለገለ ስትገዢ ደግሞ ባለቤቱ ከአፕል አካውንቱ ላይ ሲያወጣው ፊት ለፊትሽ እይው፤ ያለዚያ በሌላ ሰው ስም የተያዘ ዕቃ ነው የገዛሽው።

ደረሰኝ የመጨረሻው ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ከድምፅ ጥራቱ ሁሉ ይበልጣል። ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ትኖሪያለሽ። ሁለት ሺህ ሪያል የሚያወጣ ዕቃ በሻንጣሽ ሲገኝ “ከየት አመጣሽው?” የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል፤ በተለይ ወደ አገር ልትገቢ ስትዪ፣ በተለይ ከአሠሪ ጋር ከተጣላሽ በኋላ። የስርቆት ክስ ከተነሳ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው። ስለዚህ ከታወቀ ሱቅ በስምሽ ግዢ፣ በካርድሽ ክፈዪ፣ ደረሰኙንና ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ለእህትሽ በዋትስአፕ ላኪ፤ ስልክሽ ቢጠፋም እዚያ ይቆያል። ማዳም ራሷ የተጠቀመችበትን ከሰጠችሽም እንዲሁ ነው። “ሹክረን ማዳም፣ ስለ ሄድፎኑ አመሰግናለሁ” ብለሽ መልእክት ላኪላት፤ “አፍዋን” ብላ ስትመልስ ያቺን መልእክት አታጥፊያት።